ነጭ መሃሉን ሲይዘው፦ ፒርትስን በጥቁር እንዴት እንጫወት

ቼዝ ላይ ጥቁር ደርሷችኋል፤ ነጭ ኢ4፣ ዲ4 እና ኤፍ4 ላይ ሦስት ወታደር ደርድሮባችኋል። የእናንተ ወታደሮች ገና አንድ አንድ እርምጃ ነው የሄዱት። አጠገባችሁ ቆሞ የሚያይ ሰው ካለ "ኧረ አለቀላችሁ!" ማለቱ አይቀርም። ይበል፤ እናንተ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ናችሁ።

ይህ መመሪያ ስለ ፒርትስ መከላከያ ነው። ፒርክ የሚሉትም አሉ። በተለይ ደግሞ ነጭ ሰፊውን መሃል ይዞ ስለሚመጣበት የኦስትሪያ ጥቃት ነው። የቼዝን ሕግ ለሚያውቅ፣ ጥቁር ሲደርሰው ግን በምን እንደሚከፍት ግራ ለሚገባው ሰው የተጻፈ ነው።

አጻጻፉን እንስማማ። የሰሌዳውን ቁም መስመሮች ከነጭ በኩል ሆነን ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንበላቸው። ቁጥሩ ከነጭ ወደ ጥቁር እየጨመረ ይሄዳል። × ማለት መብላት ነው፤ + ማለት ቼክ። ከሰረዙ (—) በፊት ያለው የነጭ ተራ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የጥቁር። ወታደር ሲንቀሳቀስ የሚያርፍበትን ቤት ብቻ እጽፋለሁ። ሰሌዳ ወይም ስልክ አጠገባችሁ ይሁን። ይህ ዓይነት ጽሑፍ እጅ ሳይንቀሳቀስ አይገባም።

ሀሳቡ ከየት መጣ

ድሮ መሃሉን በወታደር መያዝ እንደ ግዴታ ነበር የሚታየው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሬቲ፣ ኒምዞቪች፣ ብሬየር የተባሉ ተጫዋቾችና መሰሎቻቸው መጡና ነገሩን ገለበጡት። መሃሉን ለመቆጣጠር የግድ ወታደር ማቆም አያስፈልግም አሉ። ነጭ ያቁም፤ እኛ ከሩቅ በቢሾፕና በፈረስ እንመታዋለን። ወታደር ወደ ኋላ አይመለስም። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ከኋላው ባዶ ቤት ይተዋል። ሰፊ መሬት ያጠረ ሰው ብዙ ዘበኛ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ነጭም ያንን ሁሉ ወታደር የሚጠብቅ ኃይል ያስፈልገዋል።

ፒርትስ ስሙን ያገኘው ከስሎቬኒያዊው ግራንድማስተር ቫስያ ፒርትስ ነው (እ.ኤ.አ. 1907–1980)። ለብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ሲታይ የኖረ አከፋፈት ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1972 በሬይክያቪክ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ቦቢ ፊሸር በ17ኛው ጨዋታ ስፓስኪ ላይ ተጠቅሞበታል። ስፓስኪ የመለሰው በዚሁ በኦስትሪያ ጥቃት ነበር። ወደዚያ ጨዋታ እንመለሳለን።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በእኛው ሰንጠረዥ፣ ወረራ በሚባለው መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ይንቀሳቀሳሉ። በቼዝ ግን አንድ ተራ አንድ ተራ ነው፤ የባከነች ተራ አትመለስም። የፒርትስ ሒሳብም ያለው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ከአምስት ተራ ሦስቱን በወታደር ላይ ያጠፋል። እናንተ በዚያው ጊዜ ፈረስና ቢሾፕ አውጥታችሁ በ5ኛው ተራ ካስል ማድረግ ትችላላችሁ። ነጭ ካስል ለማድረግ ቢያንስ ሁለት ተራ ይቀረዋል። እነዚያ ሁለት ተራዎች ናቸው የእናንተ ሀብት። ከተጠቀማችሁባቸው መሃሉ ሸክም ይሆንበታል። ዝም ካላችሁ ግን ያው መሃል ይጨፈልቃችኋል።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዎቹን አራት ተራዎች በቅደም ተከተል

1. ኢ4 — ዲ6
2. ዲ4 — ፈረስ ኤፍ6
3. ፈረስ ሲ3 — ጂ6
4. ኤፍ4 — ቢሾፕ ጂ7

ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2ኛው ተራ ፈረሱ ኤፍ6 ላይ ሲወጣ ኢ4ን ያጠቃል። ነጭ መከላከል አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ፈረሱን ሲ3 ላይ ያወጣል። ያ ፈረስ የራሱን የሲ ወታደር ይዘጋበታል። ስለዚህ ሲ4 ብሎ መሃሉን የበለጠ ማስፋት አይችልም። በመጀመሪያ ጂ6 ብትሉ ኖሮ ይህን ዕድል ትሰጡት ነበር። እሱም ቢሆን ራሱን የቻለ መከላከያ ነው፤ ለዛሬ ግን ይቆየን።

ዲ6 የምታስፈልገው ኢ5ን ለመጠበቅ ነው። ያለ እሷ ነጭ ወታደሩን እየገፋ ፈረሳችሁን ያሳድደዋል።

4ኛው ተራ ላይ ነጭ ኤፍ4 ሲል የኦስትሪያ ጥቃት ተጀመረ። ቢሾፑን ጂ7 ላይ አስቀምጡ። የዚህ አከፋፈት ነፍስ ያ ቢሾፕ ነው። ከጂ7 ተነስቶ በኤፍ6፣ በኢ5፣ በዲ4 እና በሲ3 አልፎ እስከ ኤ1 ድረስ የሚያይ ዓይን ነው። ለጊዜው የራሳችሁ ፈረስ ጋርዶታል። መንገዱ የሚከፈትበትን ሰዓት መምረጥ ግማሹ ጨዋታ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ችኩል ነጭ ወዲያው 5. ኢ5 ይላል። አትደንግጡ። ዲ×ኢ5 በሉ። በዲ ወታደር መልሶ ከበላ ንግሥቶቹን ተለዋወጡ፦ ንግሥት×ዲ1+፣ ንጉሥ×ዲ1፣ ከዚያ ፈረስ ጂ4። አሁን ፈረሱ ኤፍ2 ላይ ቢገባ ንጉሡንና ኤች1 ላይ ያለውን ሩክ በአንድ ጊዜ ይመታል። ነጭ ይህንን ለመከላከል ይገደዳል፤ ካስልም ከእንግዲህ የለውም። በኤፍ ወታደር ከበላ ደግሞ ፈረሳችሁን ዲ5 ላይ አስቀምጡት፤ ደህና ናችሁ።

ደረጃ 2፦ በ5ኛው ተራ ምረጡ

ብዙውን ጊዜ ግን ነጭ ረጋ ብሎ 5. ፈረስ ኤፍ3 ይላል። አሁን ሁለት መንገድ አላችሁ። ወይ ካስል፣ ወይ ወዲያው ሲ5።

የእኔ ምርጫ ሲ5 ነው። ካስል መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ግራንድማስተሮች የሚመርጡት እሱን ነው። ነገር ግን ገና ለሚማር ሰው ሲ5 ይሻላል፤ ነጭን ወዲያው ጥያቄ ውስጥ ያስገባዋል። "ዲ4ን ምን ልታደርጋት ነው?" ይለዋል። መብላት፣ መግፋት፣ ወይ መሃሉን ትቶ በሌላ ነገር መመለስ አለበት። የመልሶቹ ቁጥር ትንሽ ነው። ትንሽ ከሆነ ደግሞ መማር ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ነጭ ሲ5ን ከበላ

6. ዲ×ሲ5 — ንግሥት ኤ5

ወታደሩን ወዲያው መልሳችሁ አትብሉ። ንግሥቲቱን ኤ5 ላይ አውጡ። ከዚያ ሆና ሲ3 ላይ ያለውን ፈረስ ከንጉሡ ጋር አስራዋለች። የታሰረ ፈረስ ኢ4ን አይጠብቅም። ስለዚህ ቀጣዩ ዛቻችሁ ፈረስ×ኢ4 ነው። ስስታም ነጭ 7. ሲ×ዲ6 ብሎ ሌላ ወታደር ቢጨምር ፈረስ×ኢ4 በሉት። አሁን ሲ3 ላይ ሦስት ኃይል ያነጣጥራል፦ ንግሥቲቱ፣ ኢ4 ያለው ፈረስ፣ መንገዱ የተከፈተለት የጂ7 ቢሾፕ። የነጭ ንጉሥ ደግሞ ገና መሃል ነው።

ስለዚህ የሚያውቅ ነጭ ኢ4ን ይጠብቃል።

7. ቢሾፕ ዲ3 — ንግሥት×ሲ5
8. ንግሥት ኢ2 — ካስል
9. ቢሾፕ ኢ3 — ንግሥት ኤ5
10. ካስል — ቢሾፕ ጂ4

8ኛው ተራ ላይ ነጭ ለምን ዝም ብሎ ካስል አላደረገም? ሰሌዳው ላይ እዩት። ንግሥታችሁ ከሲ5 ተነስታ በዲ4፣ በኢ3 እና በኤፍ2 በኩል እስከ ጂ1 ድረስ ታያለች። ኤፍ4 የሄደው ወታደር ያንን መስመር ራሱ ከፍቶታል። ንጉሡ ጂ1 ላይ ቢያርፍ ቼክ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሕጉም አይፈቅድም። ስለዚህ ነጭ መጀመሪያ በንግሥትና በቢሾፕ መስመሩን መዝጋት አለበት። ሰፊ መሃል ያመጣውን ጣጣ እዚህ ላይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

10ኛው ተራ ላይ ቢሾፑ ጂ4 የወጣው ኤፍ3 ላይ ያለውን ፈረስ ለመብላት ነው። ያ ፈረስ ዲ4ንና ኢ5ን የሚጠብቅ ዋና ዘበኛ ነው። እሱ ሲሄድ ጥቁሮቹ ቤቶች ለጂ7 ቢሾፕ ይቀራሉ። ነጭ ኤች3 ካለ ቢሾፕ×ኤፍ3፣ ንግሥት×ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6። ፈረሱ ቢ4 እንዳይገባበት ብዙ ጊዜ ኤ3 ይላል። ያኔ ኤፍ6 ላይ ያለውን ፈረስ ወደ ዲ7 መልሱት።

ወደ ኋላ የሚሄድ ፈረስ ጀማሪን አያስደስትም። ጥቅሙ ግን ሁለት ነው። የቢሾፑ መንገድ ይከፈታል። ፈረሱ ራሱ ደግሞ ወደ ሲ5 ይጓዛል፤ እዚያ ሆኖ ዲ3 ላይ ያለውን ቢሾፕ ይነካል፣ ኢ4ን ያስጨንቃል። የነጭ ቢሾፕ ከኢ3 ከተነሳ ንግሥታችሁ ቢ6 ላይ ቼክ ብላ ትመጣለች። ሩኮቻችሁን ወደ ሲ መስመር አምጡ፤ የእናንተ የሲ ወታደር ስለሄደ መንገዱ ክፍት ነው።

የነጭ ተስፋ ደግሞ በንጉሣችሁ በኩል ነው። ኤፍ5 ገፍቶ ጂ6ን መምታት፣ ንግሥቱን በኢ1 በኩል ወደ ኤች4 ማዞር። ንግሥቲቱ ወደዚያ ስትሄድ ካያችሁ ሌላውን ሥራ ትታችሁ መሃሉን አጣብቁ፤ ፈረስ ኢ5 ላይ ቢቀመጥ ግማሹ ጥቃት ይበርዳል።

አሁን ወደ ሬይክያቪክ። ስፓስኪና ፊሸር በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ቅደም ተከተል ትንሽ ቢለዩም፣ በ10ኛው ተራ ከላይ የጻፍኩት አቋም ላይ ደርሰዋል። ከዚያ ፊሸር ፈረሱን ኤች5 ላይ አወጣና 13ኛው ተራ ላይ ያንን ውድ የጂ7 ቢሾፕ ሰጥቶ ሲ3 ላይ ያለውን ፈረስ በላ። በሚቀጥለውም በንግሥቱ ሲ3 ላይ ያለውን ወታደር አነሳ። ስፓስኪ ኤፍ5 ብሎ ጥቃቱን ጀመረ፤ ቢሾፑንም ኤች6 ላይ አድርሶ ሩኩን በላ። ፊሸር በአንድ ወታደር ብልጫ ተጽናንቶ ጨዋታውን አቻ አወጣ። ቢሾፑን ጠብቁ የሚለው ምክር ሕግ አይደለም። ነፍስ ነው ያልኩትን ቢሾፕ ፊሸር በአንድ ወታደር ሸጦታል፤ ጥቃቱን ተቋቁሞ መውጣቱን ግን ቀድሞ አስልቶ ነው። እናንተ ካላሰላችሁ አትሽጡት።

ደረጃ 4፦ ነጭ በቢ5 ቼክ ካለ

ጉዱ እዚህ ነው። ይህንን መስመር ሳያውቅ የሚገባ ጥቁር አምስት ተራ ሳይሄድ ይሸነፋል። የሚያውቅ ግን አቻውን በኪሱ ይዞ ነው የሚቀመጠው።

6. ቢሾፕ ቢ5+ — ቢሾፕ ዲ7
7. ኢ5 — ፈረስ ጂ4
8. ኢ6

ነጭ ወታደሩን ገፍቶ ዲ7ንና ኤፍ7ን በአንድ ጊዜ መታ። ቢ5 ላይ ያለውን ቢሾፕ ለመብላት እጃችሁ ይበላችኋል። ተዉት። ወታደሩ ኤፍ7 ላይ በቼክ ይገባና ንጉሣችሁ መሃል ሰሌዳ ላይ መንከራተት ይጀምራል። ያንን መስመር የሚጫወቱ አሉ፤ እኔ አልመክርም።

8. … — ኤፍ×ኢ6
9. ፈረስ ጂ5

ፈረሱ ሲነሳ የነጭ ንግሥት ከዲ1 እስከ ጂ4 መንገዷ ተከፈተ። ጂ4 ላይ ያለው ፈረሳችሁ ሊበላ ነው። ፈረሱ ደግሞ ኢ6 ላይ ሊገባ ነው። አሁን ነው ቢ5ን የምትበሉት።

9. … — ቢሾፕ×ቢ5
10. ፈረስ×ኢ6 — ቢሾፕ×ዲ4

ልብ በሉ። ኢ6 የገባው ፈረስ ንግሥታችሁንና ጂ7 ያለውን ቢሾፕ ሁለቱንም እየመታ ነው። እናንተ ቢሾፑን አንስታችሁ ዲ4ን በላችሁ፤ ንግሥቲቱን ጥላችሁ። ተጋጣሚያችሁ ንግሥቲቱን በደስታ ያነሳል።

11. ፈረስ×ዲ8 — ቢሾፕ ኤፍ2+

ንጉሡ ኢ1 ላይ ነው። ኤፍ2 ያለውን ቢሾፕ መብላት አይችልም፤ ጂ4 ያለው ፈረስ ይጠብቀዋል። ወደ ኢ2 ወይም ወደ ኤፍ1 መሄድም አይችልም፤ ቢ5 ያለው ቢሾፓችሁ ሁለቱንም ቤቶች ያያል። የቀረው ዲ2 ብቻ ነው።

12. ንጉሥ ዲ2 — ቢሾፕ ኢ3+

አሁንም መብላት የለም። ዲ3 እና ኢ2 በቢ5 ቢሾፕ ተይዘዋል። ሌሎቹን ቤቶች የራሱ ሰዎች ሞልተዋቸዋል፦ ሲ1 ላይ ቢሾፕ፣ ሲ2 ላይ ወታደር፣ ሲ3 ላይ ፈረስ፣ ዲ1 ላይ ንግሥት። ሲ1 ያለው ቢሾፕ ኢ3ን እንዳይበላ ደግሞ የራሱ ንጉሥ መሃል ቆሞ ጋርዶታል። ወደ ኢ1 ይመለሳል። እናንተም ወደ ኤፍ2 ትመለሳላችሁ። እንዲህ እያለ ማብቂያ የለውም፤ አቻ።

ነጭ አንድ ሙሉ ንግሥት በልጦ ማምለጥ የማይችልበትን ይህን ቅርጽ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጃችሁ ሥሩት። በፈጣን ጨዋታ ላይ ሲመጣባችሁ ማሰቢያ ጊዜ አይኖርም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ነጭ 11ኛው ተራ ላይ ንግሥቲቱን ትቶ በሲ3 ፈረስ ቢ5ን ሊበላ ይችላል። ያኔ ንግሥት ኤ5+ ብላችሁ ንግሥቲቱን በቼክ አድኑ፤ ውጊያው ይቀጥላል።

አቻውን የማይፈልግ ነጭ 7ኛው ተራ ላይ ዲ7ን በቢሾፕ ይበላል። በኤፍ6 ፈረስ መልሳችሁ ብሉ፤ በሌላው አይደለም። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቁታላችሁ፤ የጂ7 ቢሾፕ ይከፈታል።

ደረጃ 5፦ ነጭ ዲ5 ከገፋ

ብዙ ጀማሪ ነጭ የሚያደርገው ይህንን ነው። ወታደሩ ዲ5 ሲሄድ መሃሉ ተቆለፈ፤ የቢሾፓችሁ መስመር ግን ተከፈተ። ካስል አድርጉና ሁለት ነገር አስቡ፦ ኢ6 ወይም ቢ5።

ነጭ ቢሾፑን ዲ3 ላይ ካወጣ ኢ6 ጥሩ ነው። ኢ6ን ከበላ በኤፍ ወታደር መልሳችሁ ብሉ፤ የኤፍ8 ሩካችሁ ግማሽ ክፍት መስመር ያገኛል።

ቢሾፑን ኢ2 ላይ ካስቀመጠ ደግሞ ቢ5 ብላችሁ ወታደር አቅርቡለት። በቢሾፕ ከበላ ፈረስ×ኢ4፣ ፈረስ×ኢ4፣ ንግሥት ኤ5+። ቼክ ነው፤ ቢ5 ያለው ቢሾፕም ተነክቷል። የሰጣችሁትን ፈረስ መልሳችሁ ታገኛላችሁ፤ መሃሉ ላይ የነበረው ኢ4 ግን የለም። ጠንቃቃ ነጭ ቢ5ን አይበላም፤ ኢ5 ይገፋል። ያኔ ዲ×ኢ5፣ ኤፍ×ኢ5፣ ፈረስ ጂ4 ብላችሁ ያንን ብቻውን የቀረ ወታደር ክበቡት።

6. ኢ5 ወዲያው የሚልም አለ። ፈረሱን ወደ ዲ7 መልሱ። ዲ6ን ቢበላ ለመመለስ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ካስል።

ደረጃ 6፦ ካስልን ለሚመርጡ

5ኛው ተራ ላይ ካስል ብታደርጉ ነጭ ብዙ ጊዜ 6. ቢሾፕ ዲ3 ይላል። መልሱ ፈረስ ኤ6። ዳር የወጣ ፈረስ ደስ አይልም ይባላል፤ እዚህ ግን ሥራ አለው። ሲ5 ስትሉ ነጭ ቢበላ ፈረሱ መልሶ በልቶ ዲ3 ያለውን ቢሾፕ ይነካል። ነጭ ፈረሱን ኤ6 ላይ በቢሾፑ ቢበላ በቢ ወታደር መልሱ። ወታደሮቻችሁ ይደራረባሉ፤ በምትኩ የቢ መስመርና ሁለቱ ቢሾፖች ይኖሯችኋል። አዋጪ ንግድ ነው።

የሚያስፈራው 6. ኢ5 ነው። ፈረሱን ወደ ዲ7 ብትመልሱ ነጭ ኤች4 ብሎ ወታደሩን ወደ ንጉሣችሁ ይልካል። ኤች5 ደርሶ የኤች መስመርን ከፍቶ ሩኩን ሊያስገባ ነው። በዚህ ጊዜ ወታደሩን ለማስቆም መሯሯጥ አይጠቅምም። ሲ5 ብላችሁ መሃሉን ምቱ። ዳር ላይ ለተነሳ ጥቃት መድኃኒቱ መሃል ላይ ነው። ግን እሳት ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ በተራ ቆጠራ ነው የሚታወቀው። ጨዋታው እንዲቀዘቅዝ የምትፈልጉ 6ኛው ተራ ላይ ዲ×ኢ5 በሉ። ነጭ በዲ ከበላ ንግሥቶቹን ተለዋወጡ፤ ሩክ ዲ8+ ብላችሁ ፈረሱን ዲ5 ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ኤፍ6 ገፍታችሁ ኢ5ን ታፈርሳላችሁ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የት ነው

አንደኛው ዝምታ ነው። ኤ6፣ ቢ6፣ ሲ6፣ ኤች6 እያሉ ትንንሽ እርምጃ መርገጥ። እንዲህ ዓይነት መከላከያ ማለት መጠበቅ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። እስከ 7ኛው ወይም 8ኛው ተራ ድረስ መሃሉን አንድ ጊዜ እንኳ ካልመታችሁ ነጭ ካስል አድርጎ፣ ሩኮቹን አምጥቶ፣ ኢ5 እና ኤፍ5ን እየመረጠ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በባጊዮ ኮርችኖይ የዓለም ሻምፒዮናው የመጨረሻ በሆነው በ32ኛው ጨዋታ ካርፖቭ ላይ ፒርትስን መረጠ። ካርፖቭ ቀስ እያለ አጥብቆት አሸነፈ፤ ዘውዱንም ያዘ። ኮርችኖይን የሚያህል ሰው ቦታ አጥቶ ከታነቀ፣ እኛ ዝም ብለን የምንተርፍበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ያልተዘጋጀ ኢ5 ነው። ሌላው ፈረሳችሁ ሳይወጣ በ5ኛው ተራ ኢ5 ብትሉ ነጭ በኤፍ ይበላል፣ በዲ ትመልሳላችሁ፣ ኤፍ3 ያለው ፈረስ ደግሞ ያነሳዋል። ወታደር በነጻ ሄደ።

ሦስተኛው የኮምፒዩተር ፍርሃት ነው። ጨዋታውን ለማሽን ብትሰጡት ለነጭ ብልጫ ይሰጣል። ይስጥ። ማሽኑ ሁሉንም ተራ በትክክል ለሚጫወት ነጭ ነው የሚፈርደው። ክለብ ውስጥ ወይም ስልክ ላይ የምታገኙት ነጭ ግን ያንን ሁሉ ወታደር ሲጠብቅ ይደክመዋል።

እንዴት ይለመድ

ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ነጻ ነው፤ የራሳችሁን መስመር መዝግባችሁ የምታስቀምጡበትም ቦታ አለው። ከላይ ያሉትን መስመሮች እዚያ አስገቡ። ከዚያ 5. ፈረስ ኤፍ3 ላይ ያለውን አቋም አስቀምጡና ከኮምፒዩተሩ ጋር በጥቁር ተጫወቱ፤ መጀመሪያ ደካማውን ደረጃ ምረጡ። ከሰው ጋር ስትጫወቱ የአንድ ደቂቃውን ለጊዜው ተዉት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ብትሸነፉም ብታሸንፉም፣ ወደ ኋላ መልሱና አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ሲ5 ወይም ኢ5 ያላችሁት በስንተኛው ተራ ነው? ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ከዚያ አካባቢ አይርቅም።

ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ተለዋወጡ። አንድ ጊዜ እናንተ ነጭ ሆናችሁ ያንን መሃል ያዙት። ምን እንደሚያስጨንቅ በራሳችሁ ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቀው።

ነጭ ኤፍ4 ካላለስ

ሁሉም ነጭ ኤፍ4 አይልም። 4. ፈረስ ኤፍ3 የሚል ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ቢሾፕ ጂ7፣ ካስል፣ ከዚያ ቢሾፕ ጂ4 ወይም ሲ6 ብላችሁ ተጫወቱ። 4. ቢሾፕ ኢ3 ብሎ ንግሥቱን ዲ2 ላይ የሚያወጣ ደግሞ ሌላ ሀሳብ አለው፦ ቢሾፑን ኤች6 ላይ አድርሶ የጂ7ን ቢሾፕ መለወጥ። እዚያ ላይ ካስል ለማድረግ አትቸኩሉ፤ ሲ6 እና ቢ5 ብላችሁ በሌላኛው ወገን ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 በዊክ አን ዜ ካስፓሮቭ ቶፓሎቭን ሩክ ሰውቶ ያሸነፈበት ዝነኛ ጨዋታ የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ቶፓሎቭ ሲ6 እና ቢ5 ብሎ ነበር፤ የተሸነፈውም በአከፋፈቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በመጣው ነው።

ነጭ በዲ4 ከጀመረም ዲ6 ማለት ትችላላችሁ። ቀጥሎ ኢ4 ካለ ፒርትስ ውስጥ ገባችሁ። ሲ4 ካለ ግን ጨዋታው ወደ ንጉሥ ህንዳዊ መከላከያ ያመራል፤ ቢሾፑ ጂ7 ላይ ያው ነው፣ የምትመቱበት ወታደር ግን ብዙ ጊዜ ኢ5 ይሆናል።